አባቴ ጣራ ላይ ያባዛው እንጆሪ

የጅቡቲ ሙቀት ሲብስ አቅም ያለው ሁሉ ቤተሰቡን ወደ ደጋ ይሰዳል። እናቴም በየክረምቱ እኛን ልጆቿን ሰብስባ ሐረር ትወጣለች፤ አባቴ ማዕከላዊ ገበያ ያለውን የጨርቅ ሱቁን ይዞ ይቀራል። አንድ ዓመት ግን ገና በየካቲት ዘንድሮ አትሄዱም አለ። እናቴ እዚህ ምን ይዞኝ ልቀመጥ ብትለው፣ ሐረር የምትወጂውን እንጆሪ አበቅልልሻለሁ ብሎ ፎከረ። አንድ ፍሬ ካበላኸኝ እቀራለሁ አለችው እየሳቀች።

ችግኞቹን ከአዲስ አበባ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር አመጣለት። ቅጠላቸው ተጨማዷል። አባቴ የሚያውቁ ሰዎችን ቢያጠያይቅ፣ ጥፋተኛዋ ዓይን የማያያት ተባይ ናት፣ መድኃኒቷም ሙቅ ውሃ ነው አሉት፤ ተባይዋ ሞታ ተክሉ እንዳይበስል ግን ሙቀቱ ልክ መሆን አለበት። የከተማችን ቧንቧ በቀትር ሻይ ለማፍላት ትንሽ ነው የሚቀረው፤ እሱ ግን አላመነውም። ውሃ ጥዶ የእኛን የትኩሳት መለኪያ ነከረበት። መለኪያው ወዲያው ተሰነጠቀ።

እናቴ፣ “ትኩሳቱ በርትቶበታል፤ ሐኪም ቤት ውሰደው” አለችው።

ችግኞቹን በግምት ቢነክራቸው ግማሹ ተቀቀለ። የተረፈውን በወተት ጣሳ ተክሎ ጣራ ላይ ዳስ ሠራለት። ሙቀቱ እየበረታ ሲሄድ እንጆሪው ማበቡን ትቶ ሐረግ ብቻ ይዘረጋ ጀመር። አባቴ ደግሞ ደስ ብሎት፣ የእያንዳንዱን ሐረግ ጫፍ በሌላ ጣሳ አፈር ላይ በሽቦ ያስይዛል፤ ሥር ሲሰድ ከእናት ተክሉ ቆርጦ ይለየዋል። የሰፈሩ ጣሳ አለቀ። ጣራችን እንጆሪ በእንጆሪ ሆነ፣ ፍሬ ግን የለም።

ሰኔ ሲገባ እናቴ ሻንጣዋን አወረደች። አባቴ አልተከራከራትም። ጥቂት ችግኝ በካርቶን አድርጎ ሰጣትና ሱቁ ሄደ።

ሐረር ጓሯችን ውስጥ የተከልነው እንጆሪ ቅዝቃዜ ሲያገኝ አበበ፤ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጓሮው ቀላ። አባቴ በደወለ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ እንጆሪው ነው፣ ስለ እኛ ከዚያ በኋላ። አንድ ቀን እናቴ ፍሬውን አፏን ሞልታ እየበላች፣ “ማፍራት እምቢ ብሏል፤ መጥተህ እየው” አለችው።

በክረምት ሱቁን ዘግቶ የማያውቅ ሰው በሳምንቱ መጣ። እናቴ ሳቋን አፍና ጓሮ ወሰደችው። ቀይ ቀዩን ፍሬ ቆሞ አየ። ይቆጣል ብለን ፈራን።

“እኔስ ለእሱ አልመጣሁም” አላት፤ “ቤቱ ጭር ብሎብኝ ነው።”

ቀልድ የማያልቅባት እናቴ አንድ ፍሬ ቀጥፋ አጎረሰችው።