የሲኒማ ቤቱ ቀይ መክደኛ

ጎንደር ሳለሁ አስራ አንድ ዓመት ፊዚክስ አስተምሬአለሁ። ስለ ብርሃንና ስለ ሌንስ የሚለውን ምዕራፍ አንድም ተማሪ ሳያንቀላፋ ይጨርሳል እየተባለ ይወራልኝ ነበር። እስራኤል አገር፣ አሽቀሎን ከተማ በገባን በሁለተኛው ዓመት ታዲያ በሙያዬ ሥራ አገኘሁ፤ አፍሪዳር ሰፈር ካለ አንድ ሲኒማ ቤት በእጅ ባትሪ እያበሩ ለተመልካች ወንበሩን ማሳየት። ሥራው በዕብራይስጥ ሳድራን ይባላል። ከብርሃን አልራቅሁም ማለት ነው።

በመጀመሪያው ቀን ሥራ አስኪያጁ፣ ሁላችንም በዕብራይስጡ ሜናሄል የምንለው፣ እኔንና አንድ ጎልማሳ ሩሲያዊ ጎን ለጎን አቁሞ ትምህርት ሰጠን። ያን ጊዜ ከእኛም አገር ከሩሲያም ሰው በአውሮፕላን ይጎርፍ ስለነበር ተማሪ አላጣም። ነጭ ብርሃን የተመልካቹን ዓይን ስለሚወጋ የባትሪው አፍ ላይ ቀይ የፕላስቲክ መክደኛ ይደረጋል አለን። እንዳያመልጠን ሰግቶ ድምፁን ከፍ እያደረገ ሦስት ጊዜ ደገመው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በአገሬ ባትሪ አይቼ አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። አዎ አልሁት። ደስ አለው።

መክደኛዎቹን በርካሽ፣ በካርቶን ሙሉ ነበር የገዛቸው። አንዱን በጣቴ ጫን ብዬ ሳየው ስስ ነው። አምፖሉ ሲግል ያቀልጠዋል ብዬ በተሰባበረ ዕብራይስጤ ነገርሁት። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና፣ "አንተ አትጨነቅ፤ ይህ የቴክኒክ ነገር ነው" አለኝ። እኔም አልተጨነቅሁም።

በሳምንቱ፣ ከሰዓት በኋላ ፊልም እየታየ፣ የሩሲያዊው መክደኛ እንደ ሻማ ቀልጦ መሐል ላይ ተኮማተረና ብርሃኑን ደፈነው። አንዲት ሞሮኮዊት አሮጊት እየመራ ነበር። አሮጊቷ ደረጃውን ስተው አንድ ወታደር ጭን ላይ ቁጭ አሉ። ወታደሩ አልተከፋም፤ እሳቸውም ለመነሳት አልቸኮሉም። ሜናሄሉ ግን ጠርቶን ትምህርቱን ከሀ ጀመረልን።

ሲጨርስ ሩሲያዊው የፈንዲሻ ከረጢት ቀዶ ዘረጋና በእርሳስ አምፖል፣ ከፊቱ መስታወት፣ ከዚያም ጨረሮች ሳለ። እያንዳንዱ ጨረር ቀስት ነበረው፤ እኔም ሰሌዳ ላይ እንዲያው ነበር የምስላቸው። እርሳሱን ተቀብዬ ሙቀቱ የሚጠራቀምበት ቦታ ላይ ክብ ሳልሁ። ቀና ብሎ አየኝ።

"ሞሬ?" አለ፤ አስተማሪ ነህ ወይ ማለቱ ነው።

"ፊዚካ" አልሁት።

እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። "መሃንዴስ። ሌንስ።"

ዕድሜውን ሌንስ ሲሠራ የኖረ ሰው ኖሯል። ዕብራይስጡ ከእኔም የባሰ ስለነበር ወሬው እዚያው ቆመ፤ ሳቁ ግን አልቆም አለን።

ከካርቶን ቀለበት ቆረጥንና አየር እንዲያልፍበት ጎኑን በሳነው፤ በላዩ የከረሜላ መጠቅለያ ቀይ ሴሎፎን ወጥረን በላስቲክ አሰርነው። አልቀለጠም። ሜናሄሉ በጣም ወደደው፤ በማግስቱ ለአንድ እንግዳው እያሳየ እኔ ነኝ ያሠለጠንኋቸው ሲል ሰማነው።

ሩሲያዊው በክረምቱ መነጽር ከሚሠራ ፋብሪካ ሥራ አግኝቶ ወደ ሰሜን ሄደ። ስንሰነባበት አቅፎኝ ብዙ ነገር በሩሲያኛ ተናገረ፤ አንዱም ባይገባኝ እኔም በአማርኛ መለስሁለት። እኔ አንድ ዓመት ተጨማሪ ቆይቼ አንድ ትምህርት ቤት በቤተ ሙከራ ረዳትነት ተቀጠርሁ። ሜናሄሉ የምስክርነት ደብዳቤ ጻፈልኝ፤ በሰዓቱ ይመጣል፣ የሚያስረዳው ሰው ካገኘም ፈጥኖ ይገባዋል ይላል።