ዝም ያለው ቫልቬ

ደረቴ ውስጥ የብረት ቫልቭ አለ። ክፍሉ ጸጥ ሲል እንደ ግድግዳ ሰዓት ጠቅ ጠቅ ይላል። ፈተና ስቆጣጠር የፊት ወንበር ተማሪዎች ቀና ብለው ሰዓቱን ይፈልጋሉ፤ እኔም አላስረዳቸውም። ከጎጃም መጥቼ ወልቂጤ ሂሳብ ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ልቤ በልጅነቴ በጉሮሮ ሕመም ሰበብ ስለተጎዳ፣ ከአራት ዓመት በፊት አዲስ አበባ በቀዶ ጥገና ይህ ሰው ሠራሽ የልብ በር ተተከለልኝ።

ያኔ አጠገቤ ባለው አልጋ ላይ አንዲት የቡታጅራ ነጋዴ ተኝታ ነበር። መውለድ ስለምትፈልግ ከከብት የተሠራ ቫልቭ መርጣለች። ሐኪሙን "የአሳማ እንዳይሆን፣ ወላሂ በሉኝ" እያለች ስታስጨንቀው ሳቄ መጥቶ ስፌቴን አሳመመኝ። የእሷ ቫልቭ ከዓመታት በኋላ ስለሚያረጅ እንደገና መቀደዷ አይቀርም። የእኔ አያረጅም፤ ግን ዕድሜ ልኬን ደም ማቅጠኛ ክኒን እውጣለሁ፣ ደሜም በየጊዜው ይለካል፤ ክኒኑ ደግሞ ለፅንስ አደገኛ ነው። እሷ ዛሬ ሴት ልጅ አላት። እቀናባታለሁ፤ ይህንንም ነግሬያታለሁ። እሷ ደግሞ ዳግመኛ ስለማልቀደድ ትቀናብኛለች።

ጎመን የክኒኑን ኃይል ያዳክማል። ቢሆንም አልተከለከልኩም፤ የተባልኩት መጠኑን ሁልጊዜ እኩል እንዳደርግ ነው። እኔም የሂሳብ አስተማሪ ነኝና ዜሮም እኩል ነው ብዬ ጭራሽ ተውኩት። የክኒኔም መጠን በዚሁ ተስተካከለ።

ጉራጌ አገር የመስቀል ሰሞን፣ ከእርዱ በፊት የጎመን ክትፎ የሚበላበት ማታ አለ። ጎመኑ ደቅቆ ይከተፍና በቅቤና በአይብ ይለወሳል። ወልቂጤ ከገባሁ ጀምሮ ግቢያቸው የምኖርባቸው አሮጊት አከራዬ፣ ሥጋ ለልብ ሕመምተኛ አይሆንም ሲባል ሰምተው ኖሮ፣ ባለፈው ዓመት ድርሻዬን ለይተው አስቀመጡልኝ።

"ሥጋው ይከብድሻል ብዬ ነው፤ ይሄ ቀላል ነው፣ ብዪ ልጄ" አሉኝ።

ይሉኝታ ያዘኝ። አጎረሱኝ፤ በላሁ። በማግስቱም መጣ፣ ከእርዱም በኋላ ሰው ሥጋ ሲበላ ለእኔ ጎመን መጣልኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ቀጠለ። ጣፋጭ እንደነበርም አልክድም። የደም ምርመራ ቀጠሮዬንም በበዓሉ አሳብቤ አሳለፍኩት።

አንድ ቀን ጠዋት ከእንቅልፌ ስነቃ ድምፁ የለም። ደስ አለኝ። እንደ ሰው ሆንኩ ብዬ ፍራሼ ላይ ተንጋልዬ ዝምታውን ሰማሁ። የትምህርት ቤቱን ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ቢያጥረኝም በቅቤው አመካኘሁ።

በሦስተኛው ቀን የቡታጅራዋ ደወለች።

"አሰላሙ አለይኩም። ሰዓትሽ እንዴት ነው?"

"ዝም አለልኝ። አልሃምዱሊላህ በይልኝ" አልኳት።

አላለችም። "ሐኪሙ ያኔ ምን ነበር ያለሽ? እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ የሰማሁትን አንቺ እንዴት ረሳሽው? ድምፁ ከጠፋ ደም ረግቶበታል አላለም? ተነሺ! አሁኑኑ ተነሺ!"

ያንኑ ቀን አዲስ አበባ ሄድኩ፤ የረጋ ደም ቫልቩን አላላውስ ብሎት ነበር። ሆስፒታል አስገብተው የሚያሟሟ መድኃኒት በደም ሥሬ ሰጡኝ፤ ካልሟሟ ዳግም መከፈት ግድ እንደሆነ፣ ያንንም ልቤ ላይቋቋመው እንደሚችል ነገሩኝ። ሦስት ቀን ፈራሁ። መሞት ነበር የፈራሁት፤ የሚያምር ስም ላወጣለት አልችልም። በአራተኛው ቀን ቫልቩ መንቀሳቀስ ጀመረ።

አከራዬ በሚኒባስ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ከነርሷ ሰምተዋል።

"ጎመኔ ነው፣ አይደል?"

አይደለም ልላቸው አስቤ ነበር። "እኔ ነኝ። እያወቅሁ ነው የበላሁት" አልኳቸው።

"ታዲያ ለምን እምቢ አላልሽኝም?"

"ቅር እንዳይልዎት ብዬ ነዋ።"

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ያለቅሳሉ ብዬ ስጠብቅ ተቆጡ።

"አሥራ አንድ ዓመት ከእኔ ጋር ኖረሽ፣ በእምቢታሽ የምቀየምሽ መሰለሽ? ለእኔ ብለሽ ልትሞቺ ነበር? እኔ እኮ ልጄ ነሽ ብዬ ነበር፤ አንቺ ለካ እንግዳ ሆነሽ ነው የኖርሽው።"

እውነታቸውን ነበር።