የወይዘሮ በለጥሽ ድንኳንና የፍሳሹ መስመር

ወይዘሮ በለጥሽ አልተውም ያሉት ግቢያቸውን ለለቀስተኛ ክፍት ማድረግን ነው። ሌላ ብዙ ነገር ትተዋል፤ ከሆሳዕና ሲወጡ የነበራቸውን ዕቅድ ትተዋል፣ ጆሃንስበርግ አጠገብ ቶኮዛ በሚባል ሰፈር የነበራቸውን ሱቅ ትተዋል፣ ሁለተኛ ትዳርንም ሲለመኑ ትተዋል። ይህን ግን እንኳን የዕድሩ ዳኛ፣ የገዛ መሬታቸውም ሊያስተዋቸው አልቻለም።

ጆሃንስበርግ ላይ የሚሞት ያገራችን ሰው አስከሬኑ በአውሮፕላን ወደ አገር ቤት ይሸኛል፤ ልቅሶው ግን እዚሁ ይቀራል። የሚቀመጥበትም ቦታ የለውም። ያገራችን ባለሱቅ የሚያድረው ከሸቀጡ ጀርባ፣ በዱቄት ከረጢትና በለስላሳ ሣጥን መካከል ነው። ወይዘሮ በለጥሽ ይህን ያወቁት በራሳቸው ደርሶ ነው። ባለቤታቸው በድንገት ያረፉ ዕለት ደንበኛው መስኮቱን ማንኳኳት አላቋረጠምና፣ በብረት ፍርግርጉ በኩል ዳቦ እያቀበሉ ነበር ያለቀሱት። ከዓመታት በኋላ ከአይቮሪ ፓርክ ሰፈር ማዶ ሰፊ ግቢ ያለው አሮጌ ቤት ሲገዙ፣ ከአልጋና ከወንበር አስቀድመው ያስገቡት ድንኳን ነው። ከዚያ ወዲህ የሐዲያውም የከምባታውም የአዲስ አበባውም ሰው፣ ፕሮቴስታንቱ ከኦርቶዶክሱ ሳይለይ፣ ሐዘኑን እዚያ ተቀምጧል።

ቤቱ ግን የተሠራው ለአንድ ቤተሰብ ነበር። ፍሳሹ የሚወርደው ጓሮ ወደ ተቀበረ የፍሳሽ ጉድጓድ፣ ወደ ሴፕቲክ ታንክ ሲሆን፣ ታንኩም አርጅቶ፣ መሬቱም ጠግቦ፣ የሚሰጡትን መምጠጥ ተስኖት ነበር። ባለፈው የዝናብ ወራት የአንድ ወጣት ነጋዴ ልቅሶ በተቀመጠ ጊዜ፣ ሰው እጅግ በበዛበት ቀን፣ ጉድጓዱ ገነፈለ። ሽታው ድንኳኑን ሞላው፤ ፓስተሩም ስብከታቸውን ባልተለመደ ፍጥነት ፈጸሙ። ውኃው ቁልቁል ወርዶ ከታችኛው ጎረቤት፣ ጡረታ ከወጡት ዙሉ አስተማሪ፣ ከማ ዙንጉ («ማ» እንደ እኛ «እማማ» ነው) ጓሮ ገባ። ማ ዙንጉም የተበላሸ ቆስጣቸውን ነቅለው በአጥሩ ላይ ከፍ አድርገው አሳዩ።

የፍሳሽ መምጠጫው መኪና መጣ፣ ሄደ፣ ጉድጓዱም ተመልሶ ሞላ። መድኃኒቱ አንድ ነበር፤ ማዘጋጃ ቤቱ በታችኛው መንገድ አዲስ የፍሳሽ መስመር እየዘረጋ ነበርና ከዚያ ጋር መገናኘት። ሆኖም ፍሳሽ ሽቅብ አይሄድም፤ የወይዘሮ በለጥሽ ቧንቧ ከታችኛው መንገድ የሚደርሰው በማ ዙንጉ ግቢ ካለፈ ብቻ ነው። ያለ እሳቸው ፈቃድ የሚቆፍር የለም፤ ሠራተኞቹም ሳምንቱ ሲያልቅ ቦዩን ደፍነው ወደ ሌላ ሰፈር ሊሄዱ ነው።

የዕድሩ ዳኛ አቶ ዱካሞ ነገሩን በአገር ወግ ያዙት። ሁለት አዛውንት አስከትለው፣ ሁሉም ኮታቸውን ለብሰው፣ ቅዳሜ ማለዳ ከማ ዙንጉ በር ቆሙ። ግቡ ሲባሉ ገቡ፤ ተቀመጡ ሲባሉ ግን ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም ብለው እንደ ቆሙ ቀሩ። በዙሉዎች ዘንድ ደግሞ እንዲህ ተሰልፈው ማለዳ ደጅ የሚቆሙ ወንዶች የሚመጡት ሴት ልጅ ለማጨት ነው። ማ ዙንጉ መነጽራቸውን አጥልቀው ሦስቱንም በየተራ መረመሯቸው።

«ልጄ ያለችው ደርባን ነው፤ ሃምሳ ዓመት ሞልቷታል» አሉ። «ጥሎሹ ላም ከሆነ ግን ዛሬውኑ እጠራታለሁ።»

አቶ ዱካሞ የመጡት ለቧንቧ መሆኑን እስኪያስረዱ ላብ አጠመቃቸው። ማ ዙንጉ እስኪበቃቸው ስቀው ፈቀዱ፤ ነገር ግን ያ ሁሉ ሕዝብ ከእንግዲህ ከአጥራቸው በላይ እንዳይሰበሰብ ቃል አስገቡ። ሽማግሎቹ ደስ ብሏቸው ተስማሙ፤ ያን ጊዜም ተቀመጡ። ልቅሶውን ከተማው መሃል፣ ዱርንፎንቴን በሚባል ሰፈር አዳራሽ ተከራይተው ሊያደርጉት አሰቡ።

ወይዘሮ በለጥሽ ይህን ሲሰሙ፣ አዳራሽ ሰዓቱ ሲደርስ ይዘጋል፣ ሐዘን ግን ሰዓት አያውቅም ብለው ተቃወሙ።

«እህቴ በለጥሽ፣ ሽማግሌ የጨረሰውን አታፍርሺ» አሉ አቶ ዱካሞ። «ልቅሶ የትም ይለቀሳል።»

«ዱካሞ፣ አንተ ባንኮኒ ላይ ቆመህ አልቅሰህ ታውቃለህ?» ብለው ነጠላቸውን አደግድገው ብቻቸውን ወደ ታች፣ ወደ ማ ዙንጉ ቤት ወረዱ።

ዛሬ ቧንቧው በማ ዙንጉ ግቢ ጥግ ያልፋል፤ አሮጌው ጉድጓድ ተመጥጦ በአሸዋ ተደፍኗል፤ ድንኳኑም ባለበት አለ። ማ ዙንጉ የወይዘሮ በለጥሽን መልስ ከሰሙ በኋላ የጠየቁት ሲመሽ የድንኳኑ የድምፅ ማጉያ እንዲዘጋላቸው ብቻ ነው፤ ይህም ተከብሯል። ያን ቀን ግን ሁሉ ነገር ሊፈርስ ለጥቂት ነበር። ማ ዙንጉ በረንዳቸው ላይ ሆነው፣ ወይ ሕዝቡን ወይ ቧንቧውን ምረጪ ብለው ቁርጡን ነገሯቸው። ወይዘሮ በለጥሽ ከመንገዱ የሚመጣውን የቁፋሮ ድምፅ ጥቂት አዳመጡና፣ ከባንኮኒ ኋላ በተማሩት ዙሉ እንዲህ ሲሉ መለሱ፦

«ማ ዙንጉ፣ ቧንቧውን ቢከለክሉኝ አልቀየምዎትም፤ መሬቱ የእርስዎ ነው። ጉድጓዱን በየወሩ አስመጥጣለሁ፤ እሱም ካልሆነ በባልዲ እቀዳለሁ፤ ወደ ጓሮዎ ጠብታ አይወርድም። ነገር ግን ወንድሙ የሞተበት ሰው መጥቶ በሬ ላይ ሲቆም፣ ‹ሽንት ቤቴ ሞልቷልና ሌላ ቦታ ሄደህ አልቅስ› አልለውም።»