የይቅርታዋ ድንጋይ

ወደ አርብ ገበያ ስወርድ ሁልጊዜ አንድ ድንጋይ ላይ አርፋለሁ። ፀሐይ ያሞቀው ድንጋይ እንደኔ መቀመጫው ለሳሳ ሽማግሌ መድኃኒት ነው። ግን ለሙቀቱ ብቻ እንዳይመስልህ።

ነገሩ የሆነው ዝናቡ በከዳን ዓመት ነው። ጎረቤቴ ያላትን የዘር ገብስ ጓሮ ጉድጓድ ውስጥ ቀብራ ነበር። ባሏ፣ ሰው ከተባለ፣ ከአረቄ ቤት ሲመጣ ሽታው ቀድሞት ደጃችን ይደርስ ነበር። ያንን ዘር ሸጦ ሊጠጣበት ፈለገ። እሷ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠች።

«ዘር ነው፤ አይነካም» አለችው።

«ሚስቴ ከእህሌ ከለከለችኝ» ብሎ ሽማግሌ ሰበሰበ።

እኔም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበርሁ። አትሳቅ። አንድ ሰው ጎድሎ፣ ጢሜ ማቆጥቆጡ ታይቶልኝ ነው። ጉሮሮዬን እየጠራረግሁ ከነዚያ ሆዳቸው ባዶ፣ ኩራታቸው ሙሉ ከሆነ ወንዶች መሐል ተጎለትሁ። ፍርዳችን ቶሎ ደረሰ፦ ጉድጓዱ ለባል ይከፈት፣ እሷም ድንጋይ ተሸክማ ይቅርታ ትጠይቅ።

ከወንዙ ዳር የወፍጮ መጅ ሳይሆን ወፍጮውን ራሱን የሚያህል ድንጋይ ተሸክማ መጣች።

«ምነው ልጄ፣ ትንሽ ድንጋይ ጠፋ?» አሏት ታላቁ ሽማግሌ።

«ጥፋትሽ ከባድ ነው አላላችሁኝም፣ አባቶቼ?»

እንደ ወጉ ድንጋዩን ከጫንቃዋ የሚያወርደው ይቅር ባዩ ነው። ባልዬው ያዘው። ታገለ፤ ድንጋዩ ግን ንቅንቅ አላለም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

«በቃ ይቅር ብያለሁ፤ ጣይው» አለ ባልዬው።

እሷ ግን እንደተሸከመችው ቤቷ ሄዳ ጉድጓዱ አፍ ላይ ጫነችው።

«እኔ አልከለከልሁህም። አንሣና ዝገን።»

ባልዬው እርዱኝ እያለ መንደሩን ዞረ። አንዱን ወገቡን አመመው፤ አንዱ በዓል ነው አለ፤ እኔ ጣቴን እሾህ ወጋኝ አልሁ። እውነቱን ልንገርህ? ሴት የተሸከመችውን ድንጋይ ፊቷ ማንሣት ቢያቅተንስ ብለን ነው። በዚያ ዓመት ያን ዘር የጠበቀው የኛ ፍርሃት ነበር። ሌላ የረባ ነገር መሥራታችንን አላስታውስም።

ዝናቡ ሲመለስ፣ አፈሩ ገና ሲሸት፣ ድንጋዩን ብቻዋን ገፋችው። ወንድሟ ከእስቴ መጥቶ አረሰላት፤ ገብሱ ተዘራ። ባልዬው ተኝቶ ነበር።

አሁን እሷ የለችም። ቤቱም ፈርሷል፤ ገበያ ስወርድ የማርፍበት ድንጋዩ ብቻ ቀርቷል። ስነሣ ግራ ቀኙን አይቼ፣ ላነሣው እጄን ከድንጋዩ ሥር አስገባለሁ፤ ከዚያ እጄን ቀስ ብዬ አወጣለሁ።

«ዛሬም ጣቴን እሾህ ወግቶኛል» እላታለሁ።