አያ ማሩን ቀስ ብሎ መቀበል፦ ከአራዳ ኮሶዬ በደረቀ አንገት

ጎንደር፣ አራዳ፤ ጎህ ሲቀድ

ከጎንደር ወደ ኮሶዬ ስሄድ የመንገዱን ግራ ጎን ብቻ ነው ያየሁት። ስለ ቀኙ የሚጠይቀኝ አንባቢ ካለ ይቅርታ ያድርግልኝ። አንገቴ ከክረምት ወዲህ ወደ ቀኝ አልዞርም ብሏል፤ በዚያ በኩል ሰላም የሚለኝ ሰው ሲመጣ እንደ ቁም ሳጥን ሙሉ ገላዬን ማዞር አለብኝ። ዕድሜዬን በሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ኖሬ ጡረታ ስወጣ፣ አንገቴም አብሮኝ ጡረታ ወጣ።

ለጉዞው ያነሳሳችኝ ዘይነባ ናት፤ የጎረቤቴ የጨርቅ ነጋዴው የሐጂ ኑሩ ልጅ። ፊዚዮቴራፒ ተምራ አሁን ሰውን ምንጣፍ ላይ አጋድማ በዝግታ መንቀሳቀስን ታስተምራለች። ከቆዳችን ሥር ጡንቻውን ሁሉ አቅፎ የያዘ ስስ ሽፋን አለ፣ ሰው የሚደርቀው እሱ ሲጨማደድ ነው ትላለች። ሱቅ ውስጥ ስላደገች የምታስረዳው በጨርቅ ነው። ነጠላ አንዱ ጫፉ ሲያዝ ሌላው ጫፉ ይጨማደዳል፤ የእርስዎም አንገት የተያዘው ወገብዎ ላይ ሊሆን ይችላል አለችኝ። የሚፈታው ደግሞ በጉልበት ሳይሆን በትዕግሥት ነው። እኔ ትዕግሥት የለኝም፤ ሌላ መድኃኒት ግን ሞክሬ ጨርሻለሁ።

አራዳ ተከራይታ የነበረውን ክፍል ባለቤቱ ለራሱ ፈልጎት ተቀበላት። ያን ጊዜ ከተማ ስትመጣ ትምህርቱን ተካፍላ የነበረች የኮሶዬ ምግብ ቤት ባለቤት፣ እትዬ የሺ፣ ከቤቷ ጀርባ ባዶ የሚውል አዳራሽ እንዳለ ነገረቻት። አዳራሹ ግን የአባቷ የአያ ማሩ ነው። እሳቸው ዛሬ ትምህርቱን አይተው ካልወደዱት አይሆንም።

ሐጂ ከሱብሂ ሶላት መልስ ሱቃቸው በር ላይ ተቀምጠው ነበር። ሐጂ ጨርቅ የሚሸጡት ተቀምጠው ነው። ከላይኛው መደርደሪያ ያለውን እንኳ በሜትር እንጨታቸው ጎትተው ያወርዱታል እንጂ አይነሱም። ወገባቸው ስለማይፈቅድላቸው ነው፤ እሳቸው ግን የነጋዴ ወግ ነው ይላሉ።

«ቤቱን ከሰጡሽ አፌን እዘጋለሁ» አሏት። «ካልሰጡሽ ቅዳሜ ሱቁን የምትከፍቺው አንቺ ነሽ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው፦ «ሰው ለመተኛት የሚከፍለው አልቤርጎ ነው። ይቺ አልጋ እንኳ የላት።»

የደባርቅ መንገድ፤ ማለዳ

ሚኒባሱ መስታወት ላይ ታሪፍ ተለጥፏል፤ ሾፌሩ ግን አያምንበትም። የጠራውን ከፍለን ተሳፈርን። ዘይነባ በቀኜ ተቀመጠች፤ ስለዚህ መንገዱን ሙሉ ድምጿን እንጂ ፊቷን አላየሁም። በግራዬ ባሕር ዛፍ፣ የገብስ ማሳ፣ ድንች የጫነች አህያ፣ እንደገና ባሕር ዛፍ። አየሩ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ተሳፋሪው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ሳበ።

ሾፌሩ ጣሪያው ላይ ስለጫንናቸው ጥቅል ምንጣፎች ማወቅ ፈለገ። ሰርግ ነው ወይ አለ። ትምህርት ነው፣ ቀስ ብሎ የመንቀሳቀስ ትምህርት አለችው። ይህን ሲሰማ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ዞረና፣ ቀስ ብሎ መንቀሳቀስማ የጭነት መኪናዎቹን ጠይቂ ብሎ ሳቀ። አንገቱ እንዴት እንደሚዞርለት ስመለከት ቀናሁ፤ ከፊታችን ያለውን ጠመዝማዛ ሳይ ግን የእሱም አንገት እንደኔ በደረቀ ብዬ ተመኘሁ።

ኮሶዬ፤ ረፋድ

በግራ በኩል ገደሉ ወለል ብሎ ተከፈተ። ከሥሩ ጭጋግ ተኝቷል። ከሚኒባሱ ስንወርድ እትዬ የሺ ትኩስ ቅቅል ድንች በአዋዜ አቀረበችልን፤ ለብርዱ ከዚህ የሚሻል ነገር አላውቅም። ለአገሩ ሰው ሁሉ፣ ከእርሻ እጃችሁ ባረፈ ጊዜ ኑ ብላ እንደነገረች በኩራት አወራችልን። ዘይነባ ደስ አላት። ያ ቃል ምን እንደሚያመጣብን ያን ጊዜ ሁለቱም አላወቁም።

አዳራሹ ውስጥ የተሰበሰቡትን ሰዎች ማጋደሙ ራሱ ቀላል አልነበረም። ሴቶቹ በአንድ ወገን፣ ወንዶቹ በሌላው፣ እግር ወደ ማን ይዘርጋ በሚለው ላይ ረጅም ክርክር ተደርጎ በመጨረሻ ሁሉም ጋደም አሉ። ዘይነባ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ወገባችሁን ለምንጣፉ ልቀቁለት አለች። እውነቱን ለመናገር ደስ ይል ነበር። አንገቴ ሥር የሆነ ነገር ላላ ሲል ተሰማኝ።

በሩ ተከፈተ። አንድ ገበሬ ገባ። ተጋድሞ የነበረው ሁሉ ብድግ አለ።

«ኖር!»

«በእግዜር፣ በእግዜር፤ ምነው፣ አረፍ በሉ እንጂ።»

ጋደም አልን፤ ዓይናችንን ጨፈንን። በሩ እንደገና ተከፈተ፤ ሁለት ሴቶች ናቸው። ብድግ፣ ኖር፣ በእግዜር። ደግሞ ጋደም ስንል ሌላ ሰው። እኔም የጎንደር ልጅ ነኝና ተኝቼ እንግዳ አልቀበልም፤ አብሬ ብድግ ስል አንገቴ ቀጭ አለ። ሁሉም እጁ ባረፈ ጊዜ ስለሆነ የሚመጣው፣ መግባቱ ማብቂያ የለውም። ሰውነትን ለማፍታታት ተሰብስበን ወታደር የማይችለውን ዝላይ ስንዘል አረፈድን። አንዱ ጉልበቱን፣ ሌላው ወገቡን መያዝ ጀመረ።

ዘይነባ በትሕትና፣ ለዛሬ ብቻ ባትነሱስ አለች። እማማ ብርቄ የሚባሉ አሮጊት ከምንጣፋቸው ላይ በኀዘኔታ አዩዋት።

«ልጄ፣ ሰው እየገባ ተጋድሞ የሚቆይ ሬሳ ብቻ ነው።»

በሩ ይዘጋ ብትል ደግሞ እትዬ የሺ፣ ራሴ የጠራሁትን ሰው በር ዘግቼ ልመልስ ወይ ብላ ደነገጠች። ዘይነባ አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለች። «ጋሼ፣ ቅዳሜ ሱቅ ልከፍት ነው መሰለኝ» አለችኝ። አንጀቴን በላችኝ።

በዚህ መሃል ከውጭ ሳል ተሰማ። የአያ ማሩ ሳል መሆኑን አገሩ ሁሉ ስለሚያውቀው ሰው ሁሉ ለመዝለል ተሰናዳ። ዘይነባ ቀድማ ብድግ አለችና እጇን ዘረጋች።

«ተነሱላቸው። ግን ለሌላው ሰው እንደምትነሱት አይደለም። ለእሳቸው ቀስ ብላችሁ ተነሱ።»

በጎናችሁ ዙሩ አለች፤ ዞርን። መዳፋችሁን መሬት ላይ አሳርፉ፤ ተንበርከኩ፤ አንድ እግር አስቀድሙ፤ ጀርባችሁ ከታች ወደ ላይ ይዘርጋ፤ ራሳችሁ በመጨረሻ ይነሳ። አያ ማሩ በከዘራቸው ተደግፈው በሩ ላይ ቆመዋል። ያ ሁሉ ሰው በዝምታ፣ ልክ ሊጥ ኩፍ እንደሚል ቀስ ብሎ ሲነሳላቸው ያያሉ። ቀጥ ብለን ስናበቃ ለስለስ ባለ ድምፅ ኖር አልናቸው። እትዬ የሺ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳለች።

«በእግዜር» አሉ አያ ማሩ። «እስተ ዛሬ ንብ እንደነደፈው ሰው ነበር የምትነሱልኝ። ዛሬ ገና በወጉ ተነሳችሁልኝ።»

ይህን ብለው ዞረው ወጡ። ተቀየሙ ብለን ስንደነግጥ በሩን ገፋ አድርገው እንደገና ገቡ። ለካ ደስ ብሏቸው ነው። ጋደም አልን፤ ቀስ ብለን ተነሳን። እንደገና ወጡ፤ እንደገና ገቡ። የዕለቱ ትምህርት በዚህ ተሰጠ። በመጨረሻ እሳቸው ደከሙና፣ አሁን ሌላ ሰው ይግባ፣ እኔም ልነሳ ብለው ምንጣፍ ላይ ጋደም አሉ። የምትገባው የሺ ሆነች። አያ ማሩ በጎናቸው ዞረው፣ ተንበርክከው፣ ከዘራቸውን ሳይነኩ ለገዛ ልጃቸው ተነሱ። የሺ በእግዜር ማለቱ ጠፍቷት ጉልበታቸውን ልትስም ተደፋች። ዘይነባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

«ሐሙስ ሐሙስ ቤቱ የዚች ልጅ ነው» አሉ አያ ማሩ። «ሸጋ ነው።»

መልስ፤ ወደ ማታ

ሚኒባሱ ውስጥ ከቀኜ ድምፅ ጠፋ። ምን ሆነች ብዬ ዞር ስል ዘይነባ እንባዋን በሻሿ ጫፍ ትጠርጋለች። ዓይን ለዓይን ተያየን። ያን ጊዜ ነው የዞርኩት በአንገቴ ብቻ መሆኑ የገባን። እሷ በእንባዋ መሃል ሳቀች፤ እኔም ጎንደር እስክንወርድ ቀኝ ቀኙን ብቻ እያየሁ ሄድኩ። ጠዋት በግራዬ ያየሁት ያው ባሕር ዛፍ ነው።

ሐጂ ኑሩ እዚያው ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ቤቱ መገኘቱን ነገርኳቸው፤ በቃላቸው መሠረት አፋቸውን ዘጉ። ስለ አያ ማሩ፣ ለልጃቸው እንዴት እንደተነሱ ጨመርኩላቸው። የሜትር እንጨታቸውን እያሻሹ ሰሙኝ። ከዚያ እንጨቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣ በሁለት መዳፋቸው ተደግፈው፣ ቀስ ብለው፣ ራሳቸውን በመጨረሻ አድርገው ተነሱ። ዘይነባ የያዘችው ምንጣፍ ከእጇ ወደቀ።

«ለአንቺ ብዬ አይደለም፤ ወገቤን ይዞኝ ነው» አሉ።

ተመልሰው ግን አልተቀመጡም። ትንሽ ቆይተው ወደ ወንበራቸው በዓይናቸው ጠቆሙና ዝቅ ባለ ድምፅ፦

«ዘይነባ፣ መነሳቱንስ ተነሳሁ። መቀመጡን አላስተማርሻቸውም?»