አኩራፊ

ልብስ አጣቢዋን አክስቴን ሰፈሩ «የውሻ እናት» እያለ ያሽሟጥጣታል። ከየቦዩ ለቅማ ያመጣቻቸውን ውሾች ቁስላቸውን እያጠበች፣ በእጇ እያጎረሰች ከሰው ጋር አላመደቻቸው። አኩራፊ የምትለው ብቻ እምቢ አለ፤ እጇን ነክሶ አጥር ሥር ይተኛል።

ትናንት እሷ ሥራ ላይ ሳለች፣ እጃቸውን ይቁረጠውና፣ ውሻ የሚያጠፉ ሰዎች መርዝ የተለወሰ ሥጋ ይዘው መጡ።

«እትዬ፣ ከአኩራፊ በቀር አንዱም አልሸሸም» አላት የጎረቤት ዘበኛ አንገቱን ደፍቶ። «ጅራታቸውን እየቆሉ ከሰዎቹ እጅ በሉ።»

«ሰው እንዲያምኑ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ» አለች።

ዛሬ ጠዋት አኩራፊ ብቻውን ቢቀር ጊዜ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጅራቱን እየቆላ ወደ እሷ መጣ። አክስቴ ጎንበስ ብላ ድንጋይ አነሳችና ወረወረችበት።

«ጥፋ ከዚህ፣ የኔ ጌታ» አለችው፣ ሁለተኛውን እያነሳች።