የጋሽ መሸሻ ሶዳ

ጋሽ መሸሻ ሃያ ዓመት ጠጅ ሲጥል ኖሮ፣ በ1963 ዓ.ም. ድንገት «ከእንግዲህ ሶዳ ውሃ ነው የምሸጠው» ያለው ለምንድን ነው? ኮልፌ ውስጥ ይህን ያልጠየቀ የለም፤ የመለሰ ግን አልተገኘም።

ከአንድ ጣሊያን መካኒክ ወፍራም የብረት በርሜል ገዛ። ውሃ ይሞላበታል፣ ክዳኑን ያጠብቃል፣ ከሲሊንደር የታመቀ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቅበታል፣ በርሜሉን እየናጠ ጠርሙስ ይሞላል። ሦስት ወር እንዲህ ለፋ። ሶዳው ግን ቆርኪው ሲነሳ ፍስስ ይልና ከንፈር ሳይነካ ይሞታል።

አንድ የኅዳር ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቱ ራህማ ቀመሰችለት። በማግስቱ ልጇን ትድራለች፤ ሠርግ ቤቷ መጠጥ አይገባምና ስልሳ ጠርሙስ ሶዳ አዛለች።

«ጋሽ መሸሻ፣ ይሄማ ውሃ ነው። ውሃ እኔም ቤት ጉድጓድ ሙሉ አለ!»

«የነገው አፍንጫሽን ያስይዝሻል።»

«እንጃ! ነገ ጠዋትም እንዲህ ከሆነ መርካቶ እልካለሁ፤ አይቀየሙኝ።»

እሷ ስትወጣ ጋሽ መሸሻ በርሜሉን በእርግጫ አለው፤ የታመመው ግን እግሩ ነው። የቀረው አንድ ሲሊንደር ብቻ ነው፣ እሱም ግማሹ የለም። እሱ ከባከነ ሠርጉ አመለጠው፣ ሰፈሩም መሳቂያ አገኘ። እየተነጫነጨ እንደ ልማዱ ውሃውን እሳት ላይ ጣደ።

«አሁንም ታሞቀዋለህ?» አለች ሚስቱ ብርቅዬ።

«ሳይሞቅ ምን ይሟሟል? ማር በቀዝቃዛ ውሃ እንዴት እንደሚያስቸግር ረሳሽው?»

«ማር ነው እንዴ የምትበጠብጠው?»

«የሚሟሟ ነገር ሁሉ ያው ነው!»

ብርቅዬ ጠዋት ከተሞላው ሶዳ ሁለት ጠርሙስ አመጣች፤ አንዱን ምድጃው አጠገብ፣ ሌላውን እርጥብ ጆንያ በለበሰ እንስራ ውስጥ አቆይታቸዋለች። የሞቀውን ስትከፍተው አረፋው ፈንድቶ የባሏን ሸሚዝ አራሰና ዝም አለ። የቀዘቀዘው ግን ከሥሩ ቀስ እያለ ሲፈላ ቆየ።

«ጨው በሙቁም በቀዝቃዛውም ይሟሟል፣ ማርህ ሙቅ ይወዳል፣ ይሄ አየር ደግሞ ብርድ ይወዳል። ጠባያቸው አንድ ነው ያለህ ማን ነው?»

«ሃያ ዓመት ሙሉ ለብ ያለ ውሃ አሳፍሮኝ አያውቅም!»

«እኔስ በሃያ ዓመት አንድ ቀን ሰምተኸኝ ታውቃለህ?»

ጋሽ መሸሻ የሞቀውን ውሃ ደጅ ደፋው። «ሦስት ወር! ሦስት ወር ማገዶ እያቃጠልኩ የገዛሁትን አየር ሳባርር!» አለ፤ በማን እንደተናደደ ራሱም አልለየውም።

የጉድጓዱን ውሃ በጋን ሞልተው፣ እርጥብ ጆንያ አልብሰው ብርድ ላይ አሳደሩት። ጋሽ መሸሻ በየሰዓቱ እየተነሳ ጆንያውን ሲያርስ ነጋ። ጎህ ሲቀድ መሙላት ጀመሩ። ሲሊንደሩ አምሳ ስምንተኛው ጠርሙስ ላይ አለቀ።

ጠርሙሶቹ ደጇ ሲደርሱ ራህማ አንዱን ከፍታ ተጎነጨች፤ አፍንጫዋን ይዛ አስነጠሰች።

«ወይኔ! እንባዬን አመጣው እኮ!»

«ሁለት ይጎድላል» አለ ጋሽ መሸሻ እንደተኮሳተረ።

«ይጉደል! ይልቅ ቶሎ አስገቡልኝ፣ ሙሽራው ደረሰ!»

ቤቱ ሲመለስ ብርቅዬ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች።

«እህ? ምን አለች?»

«አስነጠሳት።»

«ለእኔስ የምትለው የለህም?»

«ቆርኪ አልቋል» አለና አልጋው ላይ ተዘረጋ። ጫማውን ሳያወልቅ እንቅልፍ ሲወስደው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ነበር።